«ግነት ነው፣ አባዬ»

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣ አንድ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ፣ «ወይዘሮ አስካለ እንደ ሻማ ቀልጠው ለትውልድ አበሩ» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ለካ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ተነጻጻሪ ዘይቤ፤ ያውም ያረጀ» ብያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ በክርኗ ጎሰመችኝ። ሰውየው ቀጠለና «የማይደርቅ የዕውቀት ምንጭ ነበሩ» ሲል፣ «ይኼኛው ተለዋጭ ነው፤ ግን ምንጩ ሻማውን ያጠፋዋል» አልኳት። ንግግሩ አልቆ ስጦታዬ ሲገለጥ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ሆኖ ተገኘ። ለድሬ ዳዋ ሰው ብርድ ልብስ! ምፀት ምን እንደሆነ ስንት ዓመት ሳስተምር እንደዚያ ያለ ምሳሌ አግኝቼ አላውቅም።

የሥራ በሽታ ነው። አናጢ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው፤ እኔም ሰው ሲናገር መጀመሪያ የምሰማው ዘይቤውን ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ «ልቤ ተሰበረ» ብሎኝ «በምን?» ብዬው ያውቃል። በሽታው የያዘኝ በንጉሡ ዘመን፣ በመጀመሪያ ምድቤ፣ እዚሁ ድሬ ዳዋ ነው። ያስያዘኝም አንድ አባት ለልጁ የሚመክርበት አጭር ግጥም ነው።

የተወለድኩት ደጋ ነው። ሐረር መምህርነት ሠልጥኜ ድሬ ዳዋ ስመደብ አባቴ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ሸኘኝ። እንደ ሌሎች አባቶች የሚያስለቅስ ነገር ይናገራል ብዬ ስጠብቅ፣ «ቆላ ነው፤ ውሃ ሳታፈዪ እንዳትጠጪ» አለኝና ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። ምክሩ በዘይቤ በኩል የሚነገርለት ነገር የለውም። ከአሜባ ግን አድኖኛል።

አውቶቡሱ ከደንገጎ ተራራ ቁልቁል ሲጠማዘዝ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ከጎኔ የተቀመጠ መሰለኝ። ትምህርት ቤቱ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ ብዙ ሳይርቅ ነበር። ዳይሬክተሩ አቶ ሲራክ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሁሉን ነገር የሚፈሩ ሰው ነበሩ። የግድግዳ ሰዓታቸው ከቆመ ቆይቷል፤ ስለዚህ ደወል የሚያስደውሉት የባቡሩን ፉጨት ሰምተው ነው። ባቡሩ የዘገየ ቀን እኛም እረፍት ሳንወጣ እንቆያለን። ደመወዜ ከቤት ኪራይና ለእናቴ ከምልከው ተርፎ አንድ ጫማ ይገዛ ነበር፤ ስለ ደመወዝ ይኼን ካልኩ ይበቃል።

ሥራውን ያስተማሩኝ መሪጌታ ተድላ ናቸው። ጎጃም ቅኔ ተምረው፣ አዲስ አበባ ዘመናዊውን ጨርሰው፣ «ሳንባህ ብርድ አይችልም» ተብለው ቆላ የወረዱ ሰው ናቸው። ሳንባቸው ድሬ ዳዋን ወደዳት፤ እግራቸው ግን አልቻላትም። ስለዚህ ከጠረጴዛቸው ሥር ውሃ የተሞላ ሳፋ አስቀምጠው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ እግራቸውን ነክረው ያስተምሩ ነበር። ከወገብ በላይ ኮትና ከረባት፣ ከወገብ በታች ዓሣ አጥማጅ።

ግጥም ሲያስተምሩ ጠመኔ አይነኩም። ዐይናቸውን ጨፍነው ያነባሉ፤ ስንኙ መሐል ላይ ሲያርፍ ጠረጴዛውን በቁልፋቸው አንድ ጊዜ ኳ፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ያደርጋሉ። ከዚያ ልጆቹ በእጃቸው ይመታሉ። ክፍሉ የቀጥቃጭ ቤት ይመስላል። የዘይቤ ስም ግን ቶሎ አይሰጡም። «መጀመሪያ ይብሉት፤ ስሙን ሲጠግቡ ይጠይቁሻል» ይሉኝ ነበር። ልጅ ሳይስቅ ወይም ሳይደነግጥ «ይህ ተለዋጭ ዘይቤ ይባላል» ያለ መምህር፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ሳያጭ ሚዜ የመረጠ ነው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ግጥሙ ካለቀ በኋላ «ይኼ ነገር ሲነገር ሌላ ማን ቤት ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። የአባትየውን ምክር ላስተምር ስዘጋጅ ሄጄ ሳማክራቸው ሉሁን አንብበው ጨረሱና፣ «አባትየው ይኼን ሁሉ ሲመክር እናትየው የት ናት?» አሉኝ።

«ግጥሙ ውስጥ የለችም።»

«የለችም ወይስ ዝም ብላለች? ሁለቱ አንድ አይደለም፤ አስቢበት» ብለው እግራቸውን በሳፋው ውስጥ ቀየር አደረጉ።

ግጥሙ በማባዣ የተባዛ፣ የጻፈው ሰው ስም የሌለበት ነበር። ዛሬም በቃሌ ነው፦

መንገድ አፍ የለውም፥ አይነግርህም ጉዱን፤
እግርህን ጠይቀው፥ መውጣቱን መውረዱን።
ቁጣህን እንደ ውሻ፥ እሰረው በደጅህ፤
ከፈታኸው ግና፥ ይነከሳል ወዳጅህ።
ሀብቴ ጤዛ ነበር፥ ፀሐይ ላሰችብኝ፤
ስሜን ግን አደራ፥ አቧራ አታልብስብኝ።

የስምንተኛ ክፍል ልጆቼ የድሬ ልጆች ናቸው። የጉምሩክ ሠራተኛ ልጅ ከባቡር መካኒክ ልጅ ጋር፣ ሶማሌው ከኦሮሞው፣ አደሬው ከአማራው ጋር ይቀመጣል፤ እረፍት ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ ይናገራሉ። መንገዱንና ውሻውን በደስታ ተቀበሉልኝ። ሦስተኛው ቤት ላይ ስንደርስ ጽጌ የምትባል ብልህ ልጅ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ ጤዛ ምንድን ነው?»

ዞር ብዬ ሳይ ከመላው ክፍል ጤዛ አይቶ የሚያውቅ የለም። ድሬ ዳዋ ላይ ማን ጤዛ ያያል? በጠዋት ሣር ላይ የሚቋጠር ጠብታ ነው ብል፣ «ማን ያጠጣዋል?» አሉ። ጨነቀኝና፣ «ከበረዶ ውስጥ የወጣ የሎሚናት ጠርሙስ ውጪውን አያልበውም? እንደሱ ነው» አልኩ። ሁሉም «እእ!» አሉ፤ ገባቸው። በማግሥቱ ደብተር ሳርም ከግማሽ በላይ የሆኑት «የአባትየው ሀብት ሎሚናት ነበር፤ ፀሐይ ጠጣችበት» ብለው ጽፈው አገኘሁ። ለመሪጌታ ሳነብላቸው ሳፋው እስኪፈስ ሳቁ። «ተያቸው፤ ቁጭቱ ገብቷቸዋል» አሉ።

እኔ ግን ወጣት ነበርኩ፤ በዚያ አላበቃሁም። «እያንዳንዳችሁ የአባታችሁን ምክር ሰምታችሁ ጻፉ፤ ዘይቤውንም ለዩ» ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። መዘዙ የመጣው ከዚህ ነው።

የመጣውን መልስ ዛሬም ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ። አንዱ «የአባቴ ምክር ዝም በል ነው፤ ዘይቤ የለውም፤ ድምፅ ግን አለው» ብሏል። ሌላው «አባቴ የሚመክረኝ በቀበቶ ነው፤ ይህ የትኛው ዘይቤ ነው?» ብሎ ጠይቆ ሥሩ «ቀጥተኛ» ብዬ ጽፌለታለሁ። መልካም መልካሙን እየመረጥኩ ክፍል ውስጥ አነበብኩ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ለማረሚያ የሚሆነኝን ስፈልግ የሮብሌን ወረቀት አነሣሁ።

ሮብሌ ዝምተኛ የሶማሌ ልጅ ነው፤ አባቱ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ተሸካሚ ናቸው። ሌሎቹ ያባታቸውን ጩኸት ይዘው ሲመጡ፣ እሱ አባቱ በሶማልኛ የሚሉትን ግጥም ወደ አማርኛ አዙሮ አመጣ፦

መንገድ ምረጥ ልጄ፥ መከራም መምህር፤
መሬት መኝታህ ትሁን፥ መጥፎ ስም መርዝ ነው፤
መሽቶ ሳይቀድምህ፥ መድረሻህን እወቅ።

የስንኞቹን መጨረሻ አየሁ። አይገጥምም። በቀይ እስክሪብቶ ጽፌበት ስለነበር የጻፍኩትን ለክፍሉ አነበብኩ። «ሮብሌ፣ ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ቤት የለውም።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። የፀጥታው ምክንያት ስላልገባኝ ቀጠልኩበት። «ቤት የሌለው ግጥም ሜዳ ላይ እንደ ማደር ነው። ሂድና ቤት ሥራለት።»

ሮብሌ ተነሣ፤ ወረቀቱን ሳይወስድ ወጣ። ውሃ ሊጠጣ ነው ብዬ ማስተማሬን ቀጠልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ላይ አባቶች ቆመው አገኘሁ። ልጆቼ የተማሩትን እቤታቸው ይዘው ሄደው ኖሯል።

መጀመሪያ የገቡት የጽጌ አባት አቶ ጌታነህ ናቸው፤ ከጉምሩክ፣ ካፖርት የመሰለ ኮት የለበሱ። አቶ ሲራክ ቢሮ ውስጥ እኔን ሳያዩ ለዳይሬክተሩ ተናገሩ። «ልጄ ውሸታም አለችኝ።»

«ጽጌ? እንዴት አድርጋ?» አልኩ።

«እራት ላይ 'መብራት ማጥፋት ሺህ ጊዜ ነግሬሻለሁ' አልኳት። 'ሺህ? ግነት ነው፣ አባዬ' አለችኝ። እናቷ ሳቀች። ሠራተኛዋ ሳቀች። እኔ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለሁ ሰው፣ በገዛ ገበታዬ ላይ ግነት ነው ልባል?»

አቶ ቶላ፣ የባቡር መካኒኩ፣ ከኋላ ተራቸውን መጠበቅ አልቻሉም። «የሳቸው ይሻላል አቦ! እኔ ልጄን 'ጭንቅላትህ ድንጋይ ነው' አልኩት። 'ይኼ ተለዋጭ ነው፤ ተነጻጻሪ እንዲሆን እንደ ድንጋይ በለኝ' አለኝ። ተናድጄ 'እሺ፣ ጭንቅላትህ እንደ ድንጋይ ነው!' አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ጎበዝ!' አለኝ። አባቱን! 'ጎበዝ፣ አሁን ገባህ' አለኝ!»

ሣቄን ለመዋጥ መስኮቱን ማየት ነበረብኝ። አቶ ሲራክ ግን ላብ በላብ ሆኑ። አባቶቹ ሲሄዱ በሩን ዘግተው፣ «ወይዘሪት አስካለ፣ በዓመቱ መጨረሻ የወላጆች በዓል አለ። ይኼንኑ ግጥም አባቶቹ ፊት ታስተምሪያለሽ። ደስ ካላቸው ደኅና። ካላላቸው ግን ለከርሞ ቀብሪ ደሃር እንዲመድቡሽ እጽፋለሁ» አሉኝ። ኋላ አሰበ ተፈሪም ጅጅጋም ተመድቤ ሠርቻለሁ፤ የትም ቦታ ቢሆን ሰው ይኖራል። ያን ጊዜ ግን ቀብሪ ደሃር ማለት ለኔ የዓለም ጫፍ ነበር።

በዚህ ፍርሃት ተወጥሬ ሮብሌ መቅረቱን ልብ ያልኩት ሳምንቱ ሲያልቅ ነው። ለመሪጌታ ተድላ ነገርኳቸው።

«ምን ብለሽው ነበር?»

«ግጥሙ ቤት የለውም አልኩት።»

መሪጌታ እግራቸውን ከሳፋው አወጡ። ትምህርት ሰዓት ላይ ሲያወጡ አይቼ አላውቅም። «አስካለ፣ ደቻቱ የሞላ ጊዜ የነሮብሌን ቤት ጠርጎ ወስዷል። ከተማው ሁሉ ያውቃል። አልነገሩሽም?»

ወንዙ ሲሞላ ሰምቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ሲሮጥ ከዚራ ድልድይ አጠገብ ቆሜ ተመልክቻለሁ። የማን ቤት እንደ ሄደ ግን አልጠየቅሁም።

መሪጌታ ወረቀቱን ተቀበሉኝ። በአንድ መዳፋቸው የስንኞቹን መጨረሻ ሸፈኑና «አሁን አንብቢው» አሉ። አነበብኩት። መንገድ፣ ምረጥ፣ መከራ፣ መምህር፣ መሬት፣ መኝታ፣ መጥፎ፣ መርዝ፣ መሽቶ፣ መድረሻ። ልጁ በየስንኙ ዋና ዋናዎቹን ቃላት በአንድ ድምፅ አስጀምሯል። ሶማሌ ግጥም ሲገጥም ድምፁ የሚገናኘው መነሻው ላይ ነው፤ ሮብሌ ያንን ሳይሸራርፍ አማርኛ ውስጥ አስገብቶታል። እኔ መጨረሻውን ብቻ እያየሁ ነው ያለፍኩት።

«ቤትማ አለው» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «በሩ በሌላ በኩል ሆኖ ነው።»

ቤተሰቡ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው መልካ ጀብዱ ዘመድ ጋ ተጠግቷል ተባልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጋሪ ይዤ ሄድኩ። የሮብሌን አባት፣ ዑመርን፣ ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ግንዱ ላይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ በር ተደግፏል፤ ቤት የለውም፣ ግድግዳ የለውም፣ በር ብቻ። ጠይም፣ ረጅም፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው።

«አንተ ነህ መዓሊሙ?» አሉኝ። መምህሩ ማለታቸው ነው። በሳቸው አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ» እንደልባቸው ነው የሚገቡትና የሚወጡት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ሮብሌን ፈልጌ ነው።»

«ሮብሌ የለም አቦ። ጅቡቲ ሄዷል። አጎቱ ጋ ወደብ ይሠራል።» የተደገፈውን በር ዳበስ አደረጉና «'ቤት የለውም' አልክ አሉ። በሰው ፊት» አሉ።

«ግጥሙን ነው ያልኩት፣ አባባ! በአማርኛ የስንኝ መጨረሻ የሚገጥመው ድምፅ ቤት ይባላል። ቤታችሁን ማለቴ አልነበረም፤ ወንዙ እንደወሰደውም አላወቅሁም። ግጥሙም ቢሆን ቤት አለው፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።»

እየተቆራረጥኩ አስረዳኋቸው። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«ወንዙ የጭቃውን ቤት ወሰደ፤ አንተ ደግሞ የግጥሙን ቤት ወሰድክ» አሉ። «ወላሂ፣ ካንተ ወንዙ ይሻላል። እሱ በሩን ትቶልኛል!»

አብሬያቸው ልስቅ ሞከርኩ፤ ዕንባዬ ቀደመኝ። አንድ ልጅ አስመጥተው ውሃ አስቀዱልኝ። ያልፈላ መሆኑን እያወቅሁ ጠጣሁት።

«ይመለስ ዘንድ ላኩበት፤ ክፍሉ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» አልኳቸው።

«ልኬበታለሁ። አይመጣም። ልጁ ደግ ነው፤ ግን ግትር ነው፤ እንደ እናቱ።» በእጃቸው ወደ ባቡሩ ሐዲድ አቅጣጫ አመለከቱ። «ደመወዝ የቀመሰ ልጅ ደብተር አይጥመውም፣ መዓሊም።»

እውነታቸውን ነበር። ሮብሌ ክፍሌ አልተመለሰም። ብዙ ልጅ ፈተና ሲወድቅብኝ አይቻለሁ፤ እነሱን ረስቻቸዋለሁ። የሮብሌ ወንበር ግን ሥፍራው የት እንደነበር ዛሬም አሳያለሁ፤ ከመስኮቱ ሁለተኛው ረድፍ፣ ግድግዳው ጥግ።

የወላጆች በዓል ደረሰ። አባቶቹ በልጆቻቸው ዴስክ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ተቀመጡ፤ እናቶች ከኋላ ቆሙ። አቶ ጌታነህ ክንዳቸውን አጣጥፈው እንደ ዳኛ ያዩኛል። አቶ ቶላ የዘይት እጃቸውን ታጥበው፣ አንገታቸውን በሸሚዝ አንቀው መጥተዋል። አቶ ሲራክ በሩ አጠገብ ቆመው መሀረባቸውን ይጨምቃሉ። ዑመርም መጡ። ክፍሉ ውስጥ ልጅ ሳይኖራቸው ለምን እንደመጡ ያልጠየቃቸው የለም፤ «መዓሊሙ ጠርቶኛል» ይላሉ። እውነት ነው፤ መልካ ጀብዱ ሳለሁ ጠርቻቸው ነበር፤ ይመጣሉ ብዬ ግን አላሰብኩም።

ግጥሙን አነበብኩ። ልጆቹ መቱ። ከዚያ አባቶቹ ራሳቸው እንዲመቱ ለመንኩ። አቶ ቶላ መካኒክ አይደሉ? ዴስኩን ሲመቱት ቀለም መያዣው ዘለለ። ጥቂት ሳቅ ተሰማ። ቢሆንም አቶ ጌታነህ አልተፈቱም። «ይኼ ሁሉ ደኅና» አሉ ተነሥተው፤ «ግን ልጅ የአባቱን ምክር እየበለተ ይኼ ግነት፣ ይኼ ተለዋጭ ካለ፣ ምክሩ ምን ቀረው?»

ቀብሪ ደሃር ታየኝ። ያኔ መሪጌታ ተድላ፣ ለበዓሉ ጫማ አድርገው መከራቸውን የሚያዩት ሰው፣ ከጥግ ሆነው «ሌላ ጥያቄ አለኝ» አሉ። «አባትየው ይኼን ሁሉ ሲመክር እናትየው የት ነበረች?»

አባቶቹ ተያዩ። አንዱ «ጓዳ» አለ። አንዱ «ገበያ» አለ። አቶ ጌታነህ «ይኼ ከግጥሙ ጋር ምን አገናኘው?» አሉ።

ከኋላ የሴት ድምፅ መጣ። የአቶ ጌታነህ ባለቤት ናቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። «ምክሩን የነገረችው እሷ ናት» አሉ። «እሱ ቤት አስመትቶ ደገመው።»

መጀመሪያ እናቶቹ ሳቁ። ከዚያ ልጆቹ። ከዚያ አቶ ቶላ ዴስኩን እየደበደቡ «እውነት! ወላሂ እውነት!» አሉ። አቶ ጌታነህ ሚስታቸውን ለማየት ዞረው፣ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው፣ በመሐሉ ሣቃቸው አመለጣቸው። ጽጌ ከጎናቸው ሆና «አባዬ፣ ግነት አይደለም አይደል?» ስትላቸው፣ «አይደለም፤ ይኼኛው ቀጥተኛ ነው» አሉ። አቶ ሲራክ መሀረባቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ነገሩ ቀዝቀዝ ሲል ዑመር ከተቀመጡበት ተነሡ። ማንም አልጠራቸውም። ያንኑ ምክር በሶማልኛ አሉት፤ ሮብሌ ያመጣውን። አብዛኛው ሰው ቃሉን አላወቀውም። ግን የስንኙ መነሻ ላይ ያ አንድ ድምፅ ተመላልሶ ሲመጣ፣ ልጆቹ ሳይታዘዙ እዚያው ላይ መምታት ጀመሩ፤ መጨረሻው ላይ መምታት ነበር ያስተማርኳቸው። ዑመር ሲጨርሱ፣ «የልጄ አማርኛ ከኔ ይሻላል» አሉና ተቀመጡ። የተቀመጡት የሮብሌ ቦታ ላይ ነበር፤ ሆነ ብለው ይሁን አጋጣሚ አላውቅም።

ቀብሪ ደሃር ቀረልኝ። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት፣ እዚያው ክፍል የአዲሶቹን ልጆች ስም እየጠራሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ዑመር ናቸው፤ ሽርጣቸውን አጥብቀው፣ ብብታቸው ውስጥ ደብተር ይዘው።

«ዕቃ የሚበዛበት ባቡር ከሰዓት ነው የሚገባው» አሉኝ። «ጠዋት ሥራ የለኝም። ወንበሩ ደግሞ ባዶ ነው።»

አቶ ሲራክን አስፈቀድኩ። «መዝገብ ላይ አይገቡም» አሉኝ እየፈሩ፤ ከዚያ ወዲያ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ዑመር ዓመቱን ሙሉ የግጥም ሰዓቴን አልቀሩም። ፊደል ትንሽ ትንሽ ያውቁ ነበር፤ የቀረውን፣ ዘጠነኛ ያለፈችው ጽጌ አዲስ ተማሪዬ የሆነችውን ታናሽ እህቷን ከጎናቸው አስቀምጣ አስያዘቻቸው። ጨዋታቸው ግን አያልቅም። «አባትየው ተሳስቷል፤ ውሻ ሁልጊዜ ከታሰረ ያብዳል» ብለው በአባትየው ምክር ላይ ሲከራከሩ አንድ ክፍለ ጊዜ አለቀ። «ስም አቧራ አይልበስ ይላል፤ ድሬ ላይ አቧራ ያልለበሰ ነገር የለም» ብለው ደግሞ ሌላ ክፍለ ጊዜ በሉብኝ። ልጆቹ ወደዷቸው። ዑመር ሲረብሹ ጥግ ላይ ላቆማቸው ፈልጌ አፍሬ የተውኩበት ቀን ብዙ ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ ለልጆቹ የውጤት ካርድ ስሰጥ ዑመር ሠልፉ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው።

«የኔስ?»

«አባባ፣ መዝገብ ላይ አልተመዘገቡም እኮ።»

«ፈተና ተፈትኛለሁ አይደል? ወድቄም እንደሆነ ንገረኝ።»

ባዶ ካርድ አምጥቼ ሞላሁላቸው። አማርኛ፣ ግጥም፣ ዲሲፕሊን። ዲሲፕሊን ላይ «መካከለኛ» አልኩ፤ ከዚያ በላይ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። ካርዱን አገላብጠው አዩና ጀርባው ላይ ያለውን ባዶ መስመር በጣታቸው ነኩ።

«እዚህ ምን ይጻፋል?»

«የወላጅ አስተያየትና ፊርማ ነው። የሌሎቹ አባቶች ይፈርሙበታል። የርስዎን ግን...» ሰባ ሊሆናቸው የተቃረበ ሰው አባት ከየት ይመጣል?

ዑመር ካርዱን አጥፈው ሽርጣቸው ውስጥ ሸጎጡት። ቅዳሜ በጅቡቲ ባቡር ሄዱ፤ የጣቢያ ሰው ስለሆኑ ባቡረኞቹ ያውቋቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት እኔ መምህራን ክፍል መዝገብ ስዘጋ መጥተው ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«አንብብልኝ። እሱ አነበበልኝ፤ ግን አላመንኩትም።»

ጀርባውን ገለበጥኩ። ፊርማው የሮብሌ ነው። ከሱ በላይ፣ በወላጅ አስተያየት ቦታ፣ በዚያ በማውቀው ጥንቁቅ ጽሕፈቱ እንዲህ ይላል፦ «ልጁ ደኅና ነው። ወሬ ይቀንስ።»

ዑመር ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር አስደገሙኝ። ከዚያ ጠረጴዛዬን በመዳፋቸው መቱ።

«ይኼ የኔ ነው! ከሕፃንነቱ ጀምሮ እኔ ነኝ 'ወሬ ቀንስ' የምለው! ሌባ! የገዛ አባቱን ሰረቀ!»

ካርዱን ነጥቀውኝ፣ ኮሪደሩ ላይ ላገኙት መምህር ሁሉ ጀርባውን እያሳዩ፣ «ልጄ መከረኝ! ልጄ መከረኝ!» እያሉ ወጡ።